ባቡሩን የሚነዳው ማን ነው? በፍራንክ ኖሪስ «ኦክቶፐስ» ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከተፈጸመበት ከ1865 እስከ 1900 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የዚያ አገር ኅብረተሰብ ያሳየው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በቍጥር ነው። በጦርነቱ ማብቂያ 35,000 ማይል ያህል የነበረው የባቡር ሐዲድ በ1900 ከ190,000 ማይል በላይ ሆነ። ምሥራቁን ከምዕራቡ ያገናኘው የመጀመሪያው ሐዲድ በሜይ 10 ቀን 1869 በዩታ ግዛት ፕሮሞንቶሪ በተባለው ስፍራ ተጋጠመ። የፌዴራሉ መንግሥት ሐዲድ ለሚዘረጉ ኩባንያዎች የሰጠው መሬት በጠቅላላው ወደ 130 ሚሊዮን ኤከር ይደርሳል፤ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። በኖቬምበር 18 ቀን 1883 ደግሞ የባቡር ኩባንያዎች በራሳቸው ስምምነት አገሪቱን በሰዓት ቀጠና ከፋፈሉና ከተሞች የፀሐይን ጥላ ትተው የጣቢያውን ሰዓት መከተል ጀመሩ።

እነዚህ ቍጥሮች እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ በቍጥር ውስጥ ሰው አይታይም። ሐዲዱ «ተስፋፋ»፣ መሬቱ «ተያዘ»፣ ዋጋው «ናረ» ይባላል፤ ያስፋፋው፣ የያዘውና ያናረው ግን አይጠራም። ይህን ጉድለት ይሞላሉ ተብለው ከሚጠበቁት ጽሑፎች አንዱ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ሥራውን በሠሪው፣ ጉዳቱንም በተጎጂው ስም ለመጥራት የተመቸ ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በ1901 የታተመውን የፍራንክ ኖሪስን «ኦክቶፐስ» የተባለ ልብ ወለድ ከዚህ አንጻር መመርመር ነው። ኦክቶፐስ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ ሲሆን፣ በመጽሐፉ ውስጥ የካሊፎርኒያን ስንዴ አምራቾች አንቆ የያዘው የባቡር ኩባንያ ምሳሌ ነው። የጽሑፉ አቅራቢ ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። መጽሐፉ ሁለት ፍርዶችን ይሰጣል። በትረካው ውስጥ ገበሬዎቹን ያጠፋው የሰዎች ውሳኔ መሆኑን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ በመጨረሻው ገጾች ግን ሰው የሚባል ጥፋተኛ የለም፣ ያለው ኃይል ብቻ ነው ይላል። እነዚህ ሁለት ፍርዶች አይታረቁም። የመጀመሪያው በማስረጃ የተደገፈ ሲሆን፣ ሁለተኛው በደራሲው ንግግር ላይ ብቻ የቆመ ነው።

ደራሲውና የታሪኩ መነሻ

ፍራንክ ኖሪስ በ1870 በቺካጎ ተወለደ፤ በካሊፎርኒያና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ፤ በ1902 ገና የሠላሳ ሁለት ዓመት ጐልማሳ ሳለ ሞተ። ከፈረንሳዊው ደራሲ ከኤሚል ዞላ የተማረው ናቹራሊዝም የተባለው የአጻጻፍ ፈለግ፣ ሰውን የዘሩ፣ የአካባቢውና የዘመኑ ኃይሎች ውጤት አድርጎ የሚያይ ነው። «ኦክቶፐስ» ስለ ስንዴ ሊጻፉ ከታሰቡት ሦስት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነበር፤ ሁለተኛው ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1903 ታተመ፤ ሦስተኛው አልተጻፈም።

የልብ ወለዱ ዋና ድርጊት ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ ነው። በካሊፎርኒያ ማእከላዊ ሸለቆ፣ መስል ስላው በተባለው ስፍራ፣ በሃንፎርድ ከተማ አጠገብ፣ ሳዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ በመንግሥት ስጦታ የሚያገኘውን መሬት ሰዎች ሰፍረው እንዲያለሙት በየጋዜጣውና በየትንንሹ መጽሐፍ ጋበዘ። ዋጋው በኤከር ከ2.50 ዶላር ጀምሮ እንደሚሆን፣ ሰፋሪው በመሬቱ ላይ ያለማው ነገርም በዋጋው ላይ እንደማይታሰብ ተገለጸ። ሰፋሪዎቹ ይህን አምነው መጡ፤ ደረቁን ምድር በመስኖ ቦይ አለሙት። ኩባንያው ግን የባለቤትነቱን ሰነድ ካገኘ በኋላ በኤከር ከ17 እስከ 40 ዶላር የሚደርስ ዋጋ ጠየቀ። በማስታወቂያው ላይ «ጀምሮ» የሚለው ቃል ኩባንያው የሚይዘው ክርክር ሆነ፤ ሰፋሪዎቹ ደግሞ የተስፋውን መንፈስ ያዙ። ፍርድ ቤት በ1879 ለኩባንያው ፈረደ። በሜይ 11 ቀን 1880 የፌዴራል መንግሥት ማርሻል መሬቱን ለአዲስ ገዢዎች ለማስረከብ በመጣበት ጊዜ ተኩስ ተነሥቶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከሰፋሪዎቹም አምስቱ የመንግሥትን ሹም ተቃውማችኋል ተብለው ስምንት ወር ታሰሩ።

ኋላ የተነሡ የታሪክ ጸሓፊዎች ከሰፋሪዎቹ መካከል መሬቱን ገዝተው በትርፍ ለመሸጥ ያሰቡ እንደነበሩ አሳይተዋል። ስለዚህ ነገሩ ንጹሕ በግና ጨካኝ ተኵላ የተገናኙበት ተረት አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነጥብ ነው፤ ይኸውም በዚህ ታሪክ ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ የተወሰነበት ቀን፣ የተጻፈበት ወረቀትና የፈረመበት ሰው ያለው መሆኑ ነው።

መጽሐፉ በትረካው የሚያሳየው

ኖሪስ ይህን ጉዳይ ወስዶ ሲያሰፋው ከሁሉ ይበልጥ የሚሳካለት የባቡሩን ግዙፍነት ሲያወራ ሳይሆን የጭነት ዋጋን ሲያወራ ነው። ይህ ለልብ ወለድ የማይመች ጕዳይ ይመስላል። ሆኖም የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል እርሱ ነው። ሁለት ምሳሌዎች እንመልከት።

የመጀመሪያው የማረሻዎቹ ነገር ነው። ማግነስ ዴሪክ የተባለው ባለ ትልቅ እርሻ ከምሥራቅ አገር አዲስ ማረሻ ያስመጣል። ማረሻዎቹ በባቡር ተጭነው እርሻው አጠገብ ካለው ጣቢያ ይደርሳሉ። ልጁ ሃራን በዓይኑ ያያቸዋል። ነገር ግን ማውረድ አይቻልም። በኩባንያው ደንብ መሠረት ዕቃው መጀመሪያ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ መሄድ አለበት፤ ከዚያም ያንኑ መንገድ ተመልሶ፣ በአጭር ርቀት የሚከፈለውን ከባድ ዋጋ ከፍሎ ይመጣል። ማረሻው በእጅ በሚነካበት ስፍራ ቆሞ ሳለ ገበሬው አይነካውም። አንባቢው ስለ ብቸኛ ነጋዴነት (ሞኖፖል) ረዥም ትምህርት ሳይሰጠው ነገሩን ይረዳል።

ሁለተኛው የዳይክ ታሪክ ነው። ዳይክ የባቡር ነጂ ነበር። ኩባንያው ደመወዙን ሲቀንስበት እምቢ ብሎ ይወጣል፤ መሬቱንና ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ሆፕ የተባለውን፣ ለቢራ ጠማቂዎች እንደ ጌሾ የሚያገለግል ተክል ይዘራል። አስቀድሞ የማመላለሻውን ዋጋ ጠይቆ በፓውንድ 2 ሳንቲም መሆኑን ሰምቷል፤ ሒሳቡን የሠራውም በዚህ ነው። የሆፕ ገበያ ከፍ ሲል ዳይክ ሊያልፍለት ነው። ሆኖም ምርቱን ለማስጫን ሲሄድ ዋጋው 5 ሳንቲም ሆኖ ይጠብቀዋል። ዳይክ በምን ሕግ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ የኩባንያው ወኪል ኤስ. ቤርማን ሕጉ ጭነቱ ሊሸከም የሚችለውን ያህል ማስከፈል መሆኑን ይነግረዋል። ዳይክ ከዚያ በኋላ ጠጪ፣ ቀጥሎም ባቡር ዘራፊ ይሆናል፤ በመጨረሻም ታድኖ ይያዛል።

በዚህ ክፍል የኖሪስ ችሎታ የሚታየው ጭካኔን በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ በማስቀመጡ ነው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም በትር አላነሣም። አንድ ሠራተኛ አንድ የዋጋ ዝርዝር ተመልክቶ አንድ ቍጥር ተናገረ። ያ ቍጥር ግን ከሰማይ አልወረደም። የሆፕ ገበያ ከፍ ማለቱን ያየ ሰው፣ ትርፉ በገበሬው እጅ እንዳይቀር አስቦ፣ 2ን ሠርዞ 5 ጻፈ። የኢንዱስትሪ ዘመን ጥቃት ከቀድሞው የሚለየው በዚህ ነው፤ የተጎዳው ሰው ጐጂውን ሊያየው አይችልም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር። በካሊፎርኒያ በ1879 ሕገ መንግሥት የባቡርን ዋጋ የሚወስን፣ በሕዝብ የሚመረጥ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ ገበሬዎቹ በጉቦ የራሳቸውን ሰዎች በኮሚሽኑ ያስመርጣሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የማግነስ የገዛ ልጁ ላይማን ነው። ላይማን ግን አስቀድሞ ለኩባንያው ተሸጧል። በቀጥተኛነቱ የሚታወቀው ማግነስ ጉቦ መስጠቱ ሲገለጥ ክብሩ ይወድቃል፤ በመጨረሻም በዚያው በባቡር መሥሪያ ቤት የኤስ. ቤርማን የበታች ጸሓፊ ሆኖ እናየዋለን። እዚህ ላይ ደራሲው ገበሬዎቹን ነጻ አያወጣቸውም። እነርሱም ያፈሩት መንገድ የጠላታቸው መንገድ ነበር። ይህ ፍርድ ሊሰጥ የሚችለው ሰው መርጦ ይሠራል ብሎ የሚያምን ደራሲ ብቻ ነው።

ፍርዱ የተገለበጠበት ስፍራ

ከተኩሱ በኋላ የታሪኩ ተመልካች የሆነው ባለቅኔው ፕሬስሊ በንዴት ተቃጥሎ በኤስ. ቤርማን ቤት ላይ ቦምብ ይጥላል፤ ሰውዬው ግን አይሞትም። ኋላም በሳን ፍራንሲስኮ የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ሼልግሪምን ለማየት ይገባል። ሼልግሪም የተቀረጸው በሳዘርን ፓሲፊክ መሪ በኮሊስ ሀንቲንግተን አምሳል መሆኑ የታወቀ ነው። ፕሬስሊ አውሬ ሊያይ ጠብቆ አስተዋይና ሩኅሩኅ ሽማግሌ ያገኛል። ሼልግሪምም የስንዴውና የሐዲዱ ነገር የሰው ጉዳይ እንዳልሆነ ያስተምረዋል፤ ስንዴው በራሱ እንደሚበቅል፣ ሐዲዱም በራሱ እንደሚዘረጋ፣ ሁለቱም በፍላጎትና በአቅርቦት ሕግ የሚመሩ ኃይሎች እንደሆኑና እርሱ ሊያቆማቸው እንደማይችል ይነግረዋል። ፕሬስሊ መልስ አጥቶ ይወጣል። መጽሐፉም ከዚህ ጀምሮ መልስ አይፈልግም።

ነገር ግን መልሱ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት ተቀምጧል። ሼልግሪም ይህን ከመናገሩ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የበታች ሹም ስለ አንድ ሰካራም ጸሓፊ ይነግረዋል፤ ሰውዬው እንዲባረር ሐሳብ ያቀርባል። ሼልግሪም የጸሓፊውን ቤተሰብ አስቦ አያባርረውም፤ ይልቁንም ደመወዙን ይጨምርለታል። ይህን ትዕይንት ደራሲው የጻፈው ሼልግሪም ልብ ያለው ሰው መሆኑን ለማሳየት ነው። ሳያስበው ግን ሌላ ነገር አሳየ። በአንድ ቃል የአንዱን ደመወዝ ሊጨምር የቻለ ሰው በአንድ ቃል የዳይክን ደመወዝ ሊመልስ፣ የሆፑን ዋጋ 2 ሳንቲም ሊያደርግ ይችል ነበር። ምሕረት ማድረግ በእጁ ከሆነ ጭካኔውም በእጁ ነው። በጎውን «እኔ አደረግሁት»፣ ክፉውን «ኃይል አደረገው» የሚል ሰው ሒሳቡን በአንድ መዝገብ አልያዘም። ፕሬስሊ ይህን ሊጠይቀው ይገባ ነበር፤ ደራሲው ግን እንዲጠይቅ አልፈቀደለትም።

ሐዲዱ በራሱ ተዘረጋን?

የሼልግሪም ነገር በታሪክ ሚዛን ሲመዘንም አይጸናም። የሳዘርን ፓሲፊክ ባለቤቶች ቀደም ብለው ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለውን ሐዲድ በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ የዘረጉት ከ10,000 በላይ በሚሆኑ ቻይናውያን ሠራተኞች ነው። እነዚህ ሰዎች በጁን 1867 ደመወዛቸው ከነጮቹ ጋር እንዲስተካከልና የሥራው ሰዓት እንዲያጥር ጠይቀው ሥራ አቆሙ። በዚያን ጊዜ ሐዲዱ በራሱ አንድ ክንድ እንኳ አልተዘረጋም። የሥራው ኃላፊ ቻርልስ ክሮከር ስንቃቸው ወደ ተራራው እንዳይወጣ አደረገና ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ በረኃብ መለሳቸው። ይህ የሰው ትእዛዝ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

በ1894 ደግሞ የፑልማን ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዛቸው ሲቀነስ የቤት ኪራያቸው ስላልቀነሰ ሥራ አቆሙ። በዩጂን ዴብስ የሚመራው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ሲተባበራቸው በአገሪቱ ሰፊ ክፍል፣ በካሊፎርኒያም ጭምር ባቡር ቆመ። እንደገና እንዲንቀሳቀስ ያደረገው የፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ወታደርና የፍርድ ቤት እገዳ ነው። «ኦክቶፐስ» የታተመው ይህ ከሆነ ከሰባት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ባቡሩ በሰው እጅ የሚሄድና በሰው እጅ የሚቆም መሆኑን ያሳየው ይህ ታላቅ ክሥተት በመጽሐፉ ትረካ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላገኘም።

መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። በ1906 ሔፕበርን በተባለው ሕግ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከፍተኛውን የጭነት ዋጋ እንዲወስን ሥልጣን ተሰጠው። በካሊፎርኒያም ሃይረም ጆንሰን ሳዘርን ፓሲፊክን ከፖለቲካ አስወጣለሁ ብሎ በ1910 አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ በሚከተለው ዓመት የባቡሩ ኮሚሽን ሥልጣን ተጠናከረ። ዝናብን በሕግ ማዘግየት አይቻልም፤ የጭነት ዋጋን ግን ይቻላል። ስለዚህ የጭነት ዋጋ ከዝናብ ወገን አይደለም።

መጽሐፉ ያላያቸው ሰዎች

ኖሪስ ከእውነተኛው ታሪክ አንድ ትልቅ ነገር ለውጧል። የመስል ስላው ሰፋሪዎች አብዛኞቹ የ160 ኤከር፣ ይህም በእኛ ልክ የአንድ ጋሻ ተኩል ያህል መሬት የያዙ፣ ቦያቸውን በኅብረት የቈፈሩ ሰዎች ነበሩ። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን የማግነስ ዴሪክ እርሻ 10,000 ኤከር፣ ማለትም መቶ ጋሻ ያህል ነው። በጽሕፈት ቤቱም የቺካጎን፣ የኒውዮርክንና የሊቨርፑልን የስንዴ ዋጋ የሚያመጣ የቴሌግራፍ መሣሪያ ተተክሏል። ደራሲው ራሱ እነዚህ ባለርስቶች ምድሪቱን የሚወዱ ገበሬዎች ሳይሆኑ እንደ ማዕድን ቆፋሪ አሟጠው ሊሄዱ የመጡ መሆናቸውን አይሸሽግም። በዚህ ለውጥ ትረካው ግዙፍነት አገኘ፤ የፍርዱ ጉዳይ ግን ተዛባ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ አንባቢው የሁለት ዝሆኖችን ትግል ሲመለከት ሣሩን ሊያየው አልቻለም።

ሣሩ ማን ነው? በመጀመሪያ የምድሪቱ የቀድሞ ባለቤቶች ናቸው። በቱላሬ ሐይቅ ዙሪያ ዮኩትስ የተባለው ሕዝብ ይኖር ነበር። በ1851 እና በ1852 የአሜሪካ መንግሥት ወኪሎች ከካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች ጋር 18 ውሎች ተዋዋሉ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን አላጸደቃቸውም፤ ሰነዶቹም እስከ 1905 ድረስ በምስጢር ተቀመጡ። እንግዲህ ኩባንያውና ገበሬው የማን ነው ብለው የተጋደሉበት መሬት አስቀድሞ በፈረሰ ውል የተወሰደ ነበር። «ኦክቶፐስ» ስለ ባለቤትነት ሰነድ ብዙ ገጾች የጻፈ መጽሐፍ ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት ስለ ነበረው ሰነድ አንድም ምዕራፍ የለውም።

ቀጥለው ቻይናውያን አሉ። ሐዲዱን የዘረጉትና ብዙ ቦይ የቈፈሩት እነርሱ ሲሆኑ፣ በ1882 በወጣው ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ተከለከለ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚታዩት ወጥ ቤት ሆነው በዳር ነው። ሜክሲኮአውያኑም የሚታዩት በአመዛኙ እንደ አገር ጌጥ፣ አንዳንዴም በንቀት ነው። የካሊፎርኒያ ስንዴ የጉልበቱ ዋጋ በማን እንደ ተከፈለ ከዚህ መጽሐፍ ብቻ የሚማር ሰው የሒሳቡን ግማሽ እንኳ አያገኝም።

ስንዴው ሁሉን ይመግባልን?

መጽሐፉ የሚዘጋው በማጽናኛ ነው። ገበሬዎቹ ሞተዋል፤ ባቡሩ አሸንፏል፤ ስንዴው ግን ሳይነካ ወደ ሕንድ ሄዶ ረኃብተኞችን ይመግባል። ስለዚህ ግለሰብ ቢጠፋም ጠቅላላው ሕይወት ወደ በጎ ይሄዳል። ፕሬስሊም በዚያው መርከብ ተሳፍሮ ይህን ያስባል።

ይህን ማጽናኛ የሚያፈርሰው ራሱ ኖሪስ የጻፈው የላቀ ምዕራፍ ነው። ባሏ በተኩሱ የሞተባት ወይዘሮ ሁቨን ከልጆቿ ጋር ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ትመጣለች። ገንዘቧ ያልቃል፤ ታላቂቱ ልጅ ትጠፋባታለች፤ ታናሺቱን ይዛ በየመንገዱ ትለምናለች። በዚያው ምሽት ፕሬስሊ በአንድ የባቡር ባለሥልጣን ቤት እራት ተጋብዟል። ደራሲው አንዴ ወደ ገበታው፣ አንዴ ወደ መንገዱ እያመላለሰ ይወስደናል። ምግቡ አንድ በአንድ ሲቀርብ ሴቲቱ እርምጃ በእርምጃ ትደክማለች፤ በመጨረሻም ከተማው ስንዴ በሚጭንበት ወራት በረኃብ ትሞታለች። ገበታው ላይ የተቀመጡት ወይዛዝርት ደግሞ ለሕንድ ረኃብተኞች መርከብ ስለ መላክ የሚነጋገሩ ናቸው።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ስንዴው በራሱ ወደ ረኃብተኛ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ወይዘሮ ሁቨን በሄደ ነበር። እህል ወደ ተራበ አይሄድም፤ ወደ ከፈለ ይሄዳል። የሕንድ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ከ1876 እስከ 1878 በነበረው ታላቅ ረኃብ ጊዜ ሐዲድ ነበር፤ እህልም ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ እየሞተ ሳለ ከሕንድ ወደ እንግሊዝ አገር ስንዴ ይጫን ነበር። ባቡር እህልን ወደ ረኃብ ስፍራ ሊያስገባ እንደሚችል ሁሉ ሊያስወጣም ይችላል። አቅጣጫውን የሚወስነው ጎማው ሳይሆን ሰው ነው።

ኖሪስ ኤስ. ቤርማንን በመርከቡ ጎተራ ውስጥ በሚወርደው ስንዴ አፍኖ ይገድለዋል። ትዕይንቱ አስፈሪ ነው፤ አንባቢንም ደስ ያሰኛል። ሆኖም ሰው ያልሰጠውን ፍርድ ስንዴው እንዲሰጥ ማድረግ ሌላው የማምለጫ መንገድ ነው። የኩባንያው ወኪል በእህል ታፍኖ ሲሞት የዋጋው ዝርዝር እንዳለ ይቀራል፤ በማግሥቱ ሌላ ወኪል ይሾማል።

ለደራሲው የሚቀርብ መከላከያ

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ የመጨረሻው ሐሳብ የፕሬስሊ እንጂ የኖሪስ አይደለም የሚል ነው። ፕሬስሊ ከማርክስ ዘንድ የሚቀራረብ ቁጣ ወደ ረጋ ማጽናኛ የሚገላበጥ፣ የማይጸና ባሕርይ ያለው ባለቅኔ በመሆኑ ይህ ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን መጽሐፉ የመጨረሻውን ገጽ ለዚህ ሐሳብ ሲሰጥ ተቃራኒ ድምፅ አላቆመበትም፤ የትረካውም ቃና ከገጸ ባሕርዩ ጋር አብሮ ከፍ ይላል። ደራሲ የማያምንበትን ሐሳብ በመደምደሚያው ላይ እንዲህ አያነግሠውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ብርቱ ነው። በእርግጥስ የኢንዱስትሪ ሥርዓት ከአንድ ሰው ፈቃድ በላይ አይደለምን? ሼልግሪም ዋጋውን ቢቀንስ ባለአክሲዮኖቹ ሌላ ፕሬዚዳንት አይሾሙምን? ይህ እውነት አለበት። ኅብረተሰብ የግለሰቦች ድምር ብቻ አይደለም፤ ልማድ፣ ሕግ፣ ዕዳና ውድድር ሰውን ያስገድዱታል። ኖሪስ ይህን ከብዙ የዘመኑ ደራሲዎች አስቀድሞ ማየቱ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሥርዓት አንድ ነገር ነው፤ ተፈጥሮ ሌላ ነገር ነው። ሥርዓት ሰዎች የሠሩት፣ በሕግ የጸና፣ በሕግም የሚለወጥ ነው። የመሬት ስጦታው በሕግ ተሰጠ፤ ሌላ ሕግ ሊያወጡ ይችሉ ነበር። ኖሪስ የሳተው ከግለሰብ በላይ የሆነውን ሁሉ ከሰው በላይ አድርጎ መቍጠሩ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው «ኦክቶፐስ» ደራሲው ከሰጠው ትርጕም የሚበልጥ መጽሐፍ ነው። የማረሻዎቹ፣ የዳይክና የወይዘሮ ሁቨን ታሪኮች በኢንዱስትሪ ዘመን ጥፋት እንዴት እንደሚፈጸም ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይልቅ አጥርተው ያሳያሉ። የሼልግሪም ትምህርትና የመጨረሻው ማጽናኛ ግን መጽሐፉ ራሱ ያቀረበውን ማስረጃ ይክዳሉ።

ይህ ነገር የአሜሪካን ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠኑ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአማርኛችን አንዲት «ተ» በግሥ ፊት ስትገባ አድራጊው ይሰወራል፤ ወሰነ የሚለው ተወሰነ፣ ወሰደ የሚለው ተወሰደ፣ አፈናቀለ የሚለው ተፈናቀለ ይሆናል። የምርምር ጽሑፍ ስናዘጋጅ ይህ አነጋገር ጨዋና ሚዛናዊ ስለሚመስለን እንወደዋለን። ሼልግሪምም ለፕሬስሊ ያስተማረው ሰዋስው ይኸው ነው። ስለ እድገት፣ ስለ ሰፈራ፣ ስለ አዲስ ፋብሪካ ወይም ስለ መንገድ ሥራ የሚጽፍ ተማሪ በእያንዳንዱ «ተደረገ» ፊት ቆሞ ማን አደረገው፣ በየትኛው ሕግ፣ ማን ከፈለ፣ ማንስ ተከፈለ ብሎ ቢጠይቅ ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ትምህርት አግኝቷል ማለት ነው። መጽሐፉን ለሚያነብ ጓደኛ የምመክረው የዳይክን ታሪክ ከሼልግሪም ንግግር ጋር ጎን ለጎን እንዲያነብ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ማስረጃ እንደያዘ ራሱ ይፈርዳል።